የሐይቁ ሳጥን

የካቲት 2፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የተገዛው ለልኬት ነው። ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረት፤ ሌላ ነገር እንዳይገባበት ነበር ሐሳቤ። ይኸው አንድ ገጽ ሳይሞላ ወሬ ጀመርኩ። ጡረታ የወጣ ሰው አፉ አያርፍም ትላለች ባለቤቴ። እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የስልክ እንጨት ላይ ተሰቅዬ ሽቦ ስቀጥል ከማን ጋር ላወራ ኖሯል?

ዘንድሮም ሚያዝያ ላይ ሐይቁ ዳር ድንኳን እንተክላለን። እኛ ሁለታችን፣ ጎረቤታችን ሹፌሩና ሚስቱ፣ እንደ ወትሮው። በዚያ አሮጌ ሳጥን ግን አንሄድም። በቃኝ። አዲስ የማብሰያ ሳጥን እሠራለሁ።

አሮጌውን የተጋባን ሰሞን ከዕቃ ማሸጊያ እንጨት የቀጠቀጥኩት ነው። ያኔ መጋዝ እንኳ የራሴ አልነበረኝም። ክዳኑ ጠማማ ነው፤ ግራ ጎኑን በመዳፍ መታ ካላደረጉት አይከፈትም። ውስጡ ክፍል የለው፣ መደርደሪያ የለው። ድስቱ፣ ምድጃው፣ ቢላው፣ የጨው ዕቃው በላይ በላዩ ተጠቅጥቆ ነው የሚኖረው። የምታውቅበት ባለቤቴ ብቻ ናት። እያወራች፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ እንዳዞረች እጇን ትሰድና የፈለገችውን መዘዝ ታደርጋለች። ሹፌሩ በየዓመቱ «ይሄ ሳጥን ነው ወይስ የተጋጨ መኪና?» እያለ ይስቅብኛል። እኔም እስቃለሁ፣ ግን አልወደውም።

አዲሱ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ በቅርጹ ልክ ቦታ እፈለፍልለታለሁ። ቢላው የቢላ ጉድጓድ፣ ማንኪያው የማንኪያ ጉድጓድ ይኖረዋል። አንዴ ዓይኑን የጣለ ሰው የጎደለውን ያያል። አምና ባለቤቴ ሻይ ውስጥ ጨው ጨምራ አጠጣችን። ማንም ይሳሳታል፤ መሽቶ ነበር፣ ፋኖሱም ደካማ ነው። በአዲሱ ሳጥን ግን መሳሳት የሚባል ነገር አይኖርም።


የካቲት 5፣ ሐሙስ

ጣውላ መጣ። ጥድ ነው፤ ጉጥ የለበትም ማለት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ስልግ ዋልኩ። ግቢው በሙሉ ልጣጭ ሆነ። እሷ ልጣጩን እያነሳች ታሸታለች። «ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ደስ አላት።

ሻይ ይዛልኝ መጣችና «ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ።

ድጋሚ ነገርኳት። መላጊያው ሲጮህ አልሰማችኝም ይሆናል።


የካቲት 11፣ ረቡዕ

ምድጃ ላይ ድንች ጥዳ ሱቅ ሄደች። ድስቱ ከሰል ሆነ። እኔ ጓሮ ሆኜ ስልግ የጭሱ ሽታ የልጣጭ ቃጠሎ መስሎኝ ነበር። ስትመለስ «ማነው ይህን ያቃጠለው?» ብላ እኔን ተቆጣች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ምን ልበል?

ደክሟት ነው። ሌሊት እንቅልፍ የላትም።

ዛሬ የቢላውን ቦታ ፈለፈልኩ። መሮዬ ደንዝዟል። የድስቱ ጉድጓድ ጥልቅ ነው፣ ለነገ።


የካቲት 15፣ እሑድ

ልጄ መጣች። ገና ከበር «አባዬ፣ እማዬ ደውላ የት እንደምኖር ጠየቀችኝ» አለችኝ። ምን አለበት? ቤት ከቀየረች ገና ዓመት አልሞላትም። ይህንኑ ነገርኳት።

«አባዬ፣ ሐኪም ይያት።»

«ከሐይቁ ስንመለስ። ሐይቁ ያነቃታል። ታውቂያታለሽ፣ ውሃ ስታይ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው።»

ልጄ አየችኝ። ይህ አስተያየቷ የእናቷ ነው፤ እኔን ልክ የሚያስገባው ማለቴ ነው። ከዚያ የሠራሁትን ላሳያት ይዣት ገባሁ። ጉድጓዶቹን በጣቷ ዳሰሰች። «በጣም ቆንጆ ነው» ብላ አቀርቅራ ወጣች። ትንሽ ቆይቼ ስወጣ አጥሩ ሥር ቆማ በስልክ ለባሏ ስታወራ ሰማሁ፦ «አባዬማ ያውቃል። ማወቁን ነው ያላወቀው።»

ይህ ምን ማለት ነው? የተማረ ሰው ነገር ማወሳሰብ ይወዳል።


የካቲት 20፣ ዓርብ

ሁለት ተጣጣፊ ወንበር ሠራሁ። የድንኳን ካስማ፣ ዐሥራ ምናምን። የፋኖስ መስቀያ። ሳጥኑ ማጠፊያ ብቻ ቀረው።

በጣም ፈጠንኩ። ለምን እንደቸኮልኩ እኔም እንጃ። ሹፌሩ «ሐይቁ ሊደርቅ ነው የሚል ወሬ ሰምተህ ነው?» ብሎ አሾፈ።


የካቲት 26፣ ሐሙስ

አሮጌውን ሳጥን ዛሬ ፈታሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቅ ያመጣሁት ማጠፊያ ቆርቆሮ ነው፤ ስከፍት ስዘጋ ወዲያው ላላ። አሮጌው ላይ ያሉት ግን የነሐስ ናቸው፣ ከተጣለ የስልክ ሳጥን ነቅዬ የገጠምኳቸው። እንጨቱም ለዓመታት ደርቋል፤ እንዲህ የደረቀ እንጨት ዛሬ ከየት ይገኛል? ለወንበሮቹ እግር ማጠናከሪያ ሆነ፤ የቀረውንም ለመከፋፈያ ቆራረጥኩት። ከንቱ የቀረ ነገር የለም።

ሚስማሩን ስነቅል ድምፁን ሰምታ ወጣች።

«ምን እየሰበርክ ነው?»

«አሮጌውን ሳጥን።»

«ደግ አደረግክ! እኔም ከዛሬ ነገ ጣለው ልልህ ስል ነው የኖርኩት፣ ኢንጂነሩ።» ይህን ብላ ሳቀች። ስትስቅ እኮ ምንም አልሆነችም። ከልቤ ደስ አለኝ፤ ያንን ሳቅ ልጄ በሰማችው አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ስታንኳኳ ቆይታ መጣች። ፊቷ ተለዋውጧል።

«ሳጥኔን ማን ወሰደው?»


የካቲት 30፣ ሰኞ

አለቀ። ቫርኒሹ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ያበራል። ከፊት ለፊት ወደ ታች ይከፈታል፤ ክዳኑ ሲወርድ ገበታ ይሆናል። መቼም ራሴን ላመስግን እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ሹፌሩ ዙሪያውን ዞረና «አሁን ገና ሳጥን!» አለ። ሚስቱም አጨበጨበች።

«በይ ሻይ አፍይልንና እንመርቀው» አልኳት ባለቤቴን።

ሳጥኑ ፊት ቆመች። እጇን አነሳችና ግራ ጎኑን መታች። አልተከፈተም። እንደገና መታች። ሹፌሩ ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች። «ከፊት ነው፣ መቀርቀሪያውን ጎትቺ» አልኳትና አሳየኋት። ጎተተች፣ ተከፈተ። ዕቃውን ሁሉ አየች። ድስቱ በቦታው፣ ቢላው በቦታው፣ ማንኪያው በቦታው። እያየች ቆመች። አንዱንም አላነሳችም። ከዚያ ቀስ ብላ ዘጋችውና ግራ ጎኑን መታች።

ያን ጊዜ ሹፌሩ አልሳቀም። «እኔ አፈላለሁ፣ ሻይ እኮ የኔ ሙያ ነው» ብሎ ተነሳ። በሕይወቱ ሻይ አፍልቶ አያውቅም።

አዲስ ነገር መልመድ ጊዜ ይፈልጋል። እኔም የአዲሱን ስልክ አጠቃቀም ስንት ጊዜ ነው ያስጠናችኝ ልጄ?


መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ልጄ አሸነፈች። ሐኪም ጋ ሄድን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ስታወራ አትቸኩልም። ባለቤቴን ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው አለቻት። «አንቺ የማታውቂውን እኔ በምን ልወቅ?» አለቻት። ሰዓት ሣይልኝ አለቻት። ክብ ሣለችና ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ጎን ደረደረቻቸው። እኔ በአንገቴ ልጠቁማት ስሞክር ልጄ ጉልበቴን ያዘችኝ።

የበሽታውን ስም ነገሩን። እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ሐኪሟ ለእኔ ብቻ እንዲህ አለችኝ፦ «አባቴ፣ መድኃኒቱ ትንሽ ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያድናትም። ከመድኃኒቱ የሚበልጠው ቤታችሁ ነው። የለመደችውን ዕቃ አይቀይሩባት። እጅ የለመደው ነገር የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው። ጭንቅላቷ የረሳውን እጇ ሊያስታውስ ይችላል። አንድ የቆየ ዕቃ፣ ሁልጊዜ የምትሠራበት፣ አይጠፋም መቼም?»

ክው ብዬ ቀረሁ። «አለ» አልኳት።

መኪና ውስጥ ልጄ «አባዬ ምን ሆንክ? ላብህ ይወርዳል» አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት። እናቷ ከኋላ ሆና መስኮቱን ዝቅ አደረገችልኝ።


መጋቢት 10፣ ሐሙስ

መልሼ እሠራዋለሁ። ያንኑ፣ እንደነበረው።


መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

የወንበሮቹን እግር ማጠናከሪያ ፈታሁ። መከፋፈያዎቹንም ነቀልኩ። ከአሮጌው እንጨት ግማሹ እንኳ አልተረፈም፤ ራሴው ነኝ ጎማምጄ የጨረስኩት። ከሳጥኑ አፍ ዳር የነበረው ጣውላ፣ ያ የእጇ ወዝ ያጠቆረው፣ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። በኮላ ገጠምኩት። መጋጠሚያው ይታያል።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ጤነኛ ሰው ሚስቱ የምትወደውን ዕቃ ለማጠፊያ ብሎ ይሰብራል? ልኬቱን እንኳ አልጻፍኩትም። ይህን ሁሉ ቁጥር ስደረድር የአሮጌውን አንድ ስንዝር አልለካሁም።


መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ክዳኑ እምቢ አለ። ጠማማ ልሠራው ብል እጄ ቀጥ ያደርገዋል። አውቄ አጣምሜ ቆረጥኩት፤ የውሸት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ያኔ አለማወቄ የሠራውን ዛሬ ዕውቀቴ ሊሠራው አልቻለም። ሦስተኛውን ክዳን ጣልኩ። መጋዝ ይዤ ግቢው መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ሽማግሌው ሰውዬ። እሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እንጨቱ ነው እምቢ ያለህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።


መጋቢት 21፣ ሰኞ

ተሠራ። ሲመቱት ይከፈታል። ግን ለሁሉም ሰው ይከፈታል፤ ድሮ ለእሷ ብቻ ነበር።

ጠራኋት። አየችው፣ ዞረችው። መታችው፤ ተከፈተ። እሰይ፣ እሰይ አልኩ በሆዴ። ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች፣ ልክ እንደ ድሮው፣ እጇንም ላከች። እጇ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ፈለገ። ድስቱን ነካ፣ ተወው። ጨው ዕቃውን ነካ፣ ተወው። ከዚያ እጇን አወጣችና አየችው፤ የእጇን መዳፍ ማለቴ ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዕቃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደምትደረድረው አላውቅም። ምድጃው ከድስቱ ሥር ነበር ወይስ ከጎኑ? ቢላው በምን ነበር የሚጠቀለለው? ከዚያ ሳጥን የወጣ ምግብ ስበላ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ ውስጡን አላየሁም። ክዳኑን ሳይ፣ በጠማማነቱ ሳፍር ነው የኖርኩት።

«አንቺ ደርድሪው እስቲ» አልኳት፤ ዕቃውን ሁሉ መሬት ላይ አወጣሁላት።

«ምኑን?»

«ዕቃውን። እንደ ድሮሽ።»

ማንኪያዎቹን አንስታ በአንድ መስመር መሬት ላይ ደረደረቻቸው። ቀጥ አድርጋ፣ በጥንቃቄ። «ይኸው» አለችኝ።


ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ልጄ አትሂዱ አለች። ሹፌሩ እንሂድ አለ፤ «እኔና ሚስቴ አለን፣ አራት ዓይን አይናቅም» አለ። እኔስ? እኔ ሐይቁ ያነቃታል ብያለሁ። ያንን ይዤ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የቆምኩት፤ እሱን ከጣልኩ ምን ይቀረኛል?

ሁለቱንም ሳጥን እንይዛለን።


ሚያዝያ 9፣ ዓርብ፣ ሐይቁ ዳር

ውሃውን ስታይ ፊቷ በራ። ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሹፌሩን ውሃ ረጨችው፤ «ሂጂ ወዲያ!» እያለ ሮጠ። ይኸው፣ አልኩ። ይኸው አላልኩም?

ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ሽንኩርት ልንከትፍ ተቀመጥን። ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን አድርጌያቸዋለሁ። እሷ ከድንኳኑ ወጥታ መጣችና ከሳጥኖቹ ፊት ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ትሕትና ባለው ድምፅ፣

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ሳጥኔን አይተውልኛል?» አለችኝ።

አንቱ አለችኝ። ተጋብተን ሳንላመድ እንኳ አንቱ ብላኝ አታውቅም። የሹፌሩ ሚስት ቢላዋን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች።

«እንፈልገዋለን» አልኩ። «እዚሁ ነው፣ የትም አይሄድ። እርስዎ አረፍ ይበሉ።»

ወንበሩን ዘረጋሁላት። አመስግናኝ ተቀመጠች።


ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ

ስነቃ የለችም። ጫማዋ አለ።

ስሟን እየጠራሁ የውሃውን ዳር ዳር ሮጥኩ። ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ በመንገዱ በኩል ሄደ። የሠራሁት ሁሉ እዚያ ተደርድሯል፣ ወንበሩ፣ ካስማው፣ መስቀያው፤ አንዱም የሚጠቅም አልሆነም። እግዚአብሔር ሆይ ውሃው አይሁን ብቻ አልኩ። ሌላ ነገር አልለመንኩም።

ሹፌሩ አስፋልቱ ላይ አገኛት። በባዶ እግሯ ዳሩን ይዛ ትሄዳለች፣ ከባድ መኪና ሁሉ ክላክስ እየነፋባት። «የት ነው?» ቢላት «ቤቴ፤ ሳጥኔን ረስቼ» አለችው። እግሯ ደምቷል። አጠብኩላት። እግሯን ስይዝ «አይ አንተ፣ ኮረኮርከኝ» አለች። አውቃኛለች። ቁስሏን እያጠብኩ በደስታ ልሞት ነበር።

ድንኳኑን ነቀልን።


ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ልጄ በግቢው በር ላይ መቀርቀሪያ ይግባ አለች። ከፍ ብሎ፣ ከእናቷ ዓይን በላይ። እዚያ አታይም አለች፤ ሐኪሟን ጠይቃለች።

«እናትሽ በግ ናት እንዴ የምትታጎረው?» ብዬ ጮህኩባት። ሰፈር እስኪሰማ ጮህኩ። ልጄ ቆማ አለቀሰች። እናቷ ከውስጥ ወጥታ «ማነው ልጄን ያስለቀሰ?» አለች፤ ግራ ቀኝ ስታይ ከእኔ በቀር ሰው የለም።


ሚያዝያ 18፣ እሑድ

ለትንሽ ጊዜ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሹፌሩ ከአደባባዩ እጇን ይዞ መለሳት። ምንም አላለኝም። ድሮ ቢሆን የሆነ ነገር ብሎ ያሾፍ ነበር፤ ዝምታው ባሰብኝ።


ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

የበሩን መቀርቀሪያ ሠራሁት። ከአዲሱ ሳጥን ክዳን ነው የቆረጥኩት፤ ሌላ ጣውላ አልነበረኝም፣ ብገዛም ልብ የለኝም። ጫፎቹን አለዘብኩ። በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ዋልኩ፣ ድንገት ብትነካው እጇን እንዳይቧጭራት። ለምን እንደዚያ እንደደከምኩ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

በሩ ላይ ስገጥመው ለብቻዬ አልሆነልኝም። አንዱን ጫፍ ስይዝ ሌላው ይወርዳል። መሰላል ላይ ሆኜ ስታገል ከቤት ወጥታ አየችኝ። ያለ ነጠላ ጫማ፣ ፀጉሯን ልጃችን ጎንጉናላት፣ ደህና መስላ። ሳልጠራት መጣች። ክንዶቿን ወደ ላይ ዘርግታ ጫፉን ያዘችልኝ። ጣውላ መያዝ ታውቅበታለች። ቀጥ አድርጋ ያዘችው፣ አልተንቀጠቀጠም።

አንዱን ብሎን አስገባሁ። ሁለተኛውን ሳስገባ ካቻቢቴው አንሸራተተኝ፤ ዓይኔ አላይልህ አለኝ።

«ቀስ በል» አለችኝ። «ምን ያስቸኩልሃል?»

«ምንም።»

«ለሐይቁ ነው?»

«አዎ» አልኳት።

«እሰይ። እንግዲያው በደንብ አጥብቀው።»

አጠበቅኩት።